እናቴ አንቱ ያለችኝ ቀን

ከእናንተ መሃል በገዛ እናቱ አፍ አንቱ የተባለ አለ? ተኮራርፋችሁ ወይም ስታሾፍባችሁ ማለቴ አይደለም። ከምር፣ ሰው ፊት፣ ዓይን ዓይናችሁን እያየች «ይግቡ፣ ይቀመጡ» ስትላችሁ ማለቴ ነው። እኔን ብላኛለች። ጥፋቱም የእሷ አልነበረም። ያቺን ቅዳሜ ልንገራችሁና ስጨርስ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ሰናይት እባላለሁ። ያኔ በአንድ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ አምስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ እኖራለሁ፣ እንግሊዝኛዬ ጥርት ያለ ነው፣ ጫማዬ በክረምት እንኳን ጭቃ አይነካውም። የሥራ ባልደረቦቼ ስለ እናቴ ሲጠይቁኝ «ጡረታ ወጥታለች» እላለሁ። ከምን ሲሉኝ «ከመንግሥት ሥራ» እላለሁ። ስቀጠር የሞላሁት ፎርም ላይ ደግሞ «የእናት ሥራ» በሚለው ቦታ «የቤት እመቤት» ብዬ ጽፌ ነበር። ቢያንስ ውሸቴን አንድ ዓይነት ማድረግ ነበረብኝ፤ እሱንም አልቻልኩበትም።

እናቴ አስካለ ጠላ ጠማቂ ናት። ሀና ማርያም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ከቆርቆሮ አጥሯ በላይ በእንጨት ላይ ጣሳ ደፍታ ጠላ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። አባቴ በልጅነቴ ነው የሞተው። ደብተሬም፣ ዩኒፎርሜም፣ ይሄ የምኮራበት እንግሊዝኛዬም ከዚያ ጣሳ ነው የወጣው። ጋኑን በወይራ ስታጥን ጭሱ ከጌሾው ሽታ ጋር ልብሴ ውስጥ ስለሚገባ ትምህርት ቤት ስሜ «ጌሾ» ነበር። «ጌሾ መጣች፣ አፍንጫችሁን ያዙ» ይሉ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ አንድ እስር ጌሾ ተሸክማ ከፊት ለፊታችን መጣች። አየችኝ። ጓደኞቼንም አየቻቸው። ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ እንደማታውቀኝ አለፈች። እኔም አለፍኩ። ማታ ስንገናኝ ስለዚያ ነገር አንድም ቃል አልተናገርንም። ዝም ብለን ተስማማን ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሰው ባለበት እኔና እሷ አንተዋወቅም፤ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቅዳሜዋ ልምጣ። ሚስተር ሉካስ የሚባል ጡረተኛ የቤልጂየም መምህር እንግዳ ሆኖ መጥቶልን ነበር። የሰውየው ነገር ልዩ ነው፤ ሐውልት አያይ፣ ሙዚየም አይገባ። የሄደበት አገር ሁሉ ሰዎች በየቤታቸው የሚጠምቁትን መጠጥ እየቀመሰ በደብተሩ ይጽፋል። አቶ ፍሬው፣ የድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ፣ «ይሄ ሰው ከተደሰተ ሌሎች ጓደኞቹን ያመጣልናል» ብሎ ራሱ አብሮን ወጣ። በዚያ ላይ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የአስጎብኚዎች ኃላፊ እንደሚያደርገኝ ነግሮኝ ነበር። «ዛሬ እንዳታሳፍሪኝ ብቻ» አለኝ ጠዋት። እኔም ላለማሳፈር በጣም ዝግጁ ነበርኩ።

መጀመሪያ የወሰድነው አቶ ፍሬው የመረጠው ላፍቶ ያለ የባህል አዳራሽ ነበር። ጠላው በሚያምር ብርሌ ቀረበ። ሚስተር ሉካስ አሸተተ፣ ትንሽ ተጎነጨ፣ ደብተሩ ላይ አንዲት ቃል ጽፎ ዘጋው። ጎንበስ ብዬ አነበብኩት፤ «ስኳር» ይላል።

«ሾፌራችን የሚጠጣው የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ ሰውየው።

ሾፌራችን ጋሽ ታደሰ ነው። ስልሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ወሬ የሚወድ፣ እንግሊዝኛው «ኖ ፕሮብሌም» ላይ የሚያልቅ ሰው ነው። ጥያቄውን ስተረጉምለት ፊቱ በራ።

«አስካለ ቤት ነዋ! ሀና ማርያም! ስድስት ወር ሙሉ ስነግርሽ አልነበር?»

ነግሮኝ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ በየሰኞው ጠዋት የአስካለን ጠላ ሲያወድስልኝ ወሬ እቀይር ነበር። አንዴማ «ልጅም አለቻት፤ ትልቅ መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ፎቶዋን ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች» ብሎኛል። የምረቃ ጋዋን ለብሼ፣ ቆቡን ደፍቼ፣ ከንፈሬን ተቀብቼ የተነሳሁት ፎቶ ነው፤ እንኳን ጋሽ ታደሰ እኔም ራሴን አላውቀው። እንዲህ ከሰኞ ሰኞ ሳመልጥ ኖሬ ነው ያቺ ቅዳሜ የያዘችኝ።

«ዛሬ ዝግ ነው» አልኩት።

«ማን አለሽ? አስካለ ቤት ቅዳሜ ተዘግቶ አያውቅም!»

«መንገዱ ተቆፍሯል።»

«በፉሪ በኩል ዞሬ እገባለሁ፤ ምን ችግር አለ?»

አቶ ፍሬው ፊቱን አጨማደደ። «የሰፈር አተላ ልናጠጣው ነው?» አለኝ በአማርኛ። ሚስተር ሉካስ ግን ቦርሳውን አንግቦ መኪናው በር ላይ ቆሟል። እንግዳ ደግሞ እንግዳ ነው፤ ሄድን።

መንገድ ላይ ስልኬን በጉልበቴ መሃል ደብቄ እናቴ ጋ ሰባት ጊዜ ደወልኩ። አታነሳም። ስትሠራ ስልኳን አልጋዋ ራስጌ ጥላው ነው የምትሠራው፤ ይሄን አውቃለሁ፣ ግን መደወሌን አልተውኩም። ምን ልላት እንደፈለግኩ እንኳን ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። «ደብቂኝ» ልላት ነበር መሰለኝ። በፉሪ ዞረን፣ አዳዲሶቹን ቤቶች አልፈን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብለን ስንወርድ ያቺ የተደፋች ጣሳ ከአጥሩ በላይ ታየችኝ። ሕይወቴን ሙሉ ከሩቅ ሳያት የምፈራት ጣሳ ናት።

ጋሽ ታደሰ በሩን እየደበደበ «አስካለ! እንግዳ ይዤ መጥቻለሁ!» ብሎ ጮኸ። በሩ ተከፈተ።

እናቴ ሽርጧን ታጥቃ፣ ሻሿን አስራ ወጣች። መጀመሪያ ጋሽ ታደሰን፣ ከዚያ ፈረንጁን፣ ከዚያ አቶ ፍሬውን አየች። ከዚያ እኔን። አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን የድርጅቱን ባጅ አየችው። ከአፍታ በላይ አልፈጀባትም፤ ፊቷ ላይ ምንም ነገር አልተነቃነቀም።

«አንድ ጊዜ ይቆዩልኝ፣ ቤቱን ላስተካክል» ብላ ተመልሳ ገባች። ከዚያ መጥታ «ይግቡ፣ ይግቡ» አለችን።

ስንገባ ያየሁትን እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። በጭስ የጠቆረው ግድግዳ ላይ አንድ አራት ማዕዘን ንጹሕ ቦታ አለ። ከላዩ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። ፎቶዬን አውርዳዋለች። ሮጣ የገባችው ለዚህ ነበር።

ክው አልኩ። ሳልቀመጥ ቆሜ ቀረሁ። በዚህ ጊዜ ነው እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ዱካውን በሽርጧ ጫፍ ጠርጋ፣

«እርስዎም ይቀመጡ እንጂ፣ የኔ እመቤት። ደክሞዎት የለ!» ያለችኝ።

የኔ እመቤት! ያኔ የተሰማኝን በቃል ልነግራችሁ አልችልም። ተቀመጥኩ። «እግዜር ይስጥዎት» አልኳት፤ አዎ፣ እኔም አንቱ አልኳት። እናቴን! ሁለታችንም ጥሩ አድርገን ተጫወትን።

አቶ ፍሬው ግን አልተቀመጠም። መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫው ላይ ያዘ። ስልሳ አንድ ዓመት የሞላትን ሴት እንዲህ አላት፦

«ስሚ ሴትዮ፣ ጣሳውን በደንብ አጥበሽዋል? እንግዳው የውጭ ሰው ነው፤ ሆዱን እንዳታበላሺብን!»

«ታጥቧል፣ ጌታዬ» አለች እናቴ።

እስቲ ልብ በሉ። እኔ፣ የወለደችኝ፣ አንቱ ተብያለሁ። እሷ፣ አቶ ፍሬውን ልትወልደው የምትችል ሴት፣ በገዛ ቤቷ አንቺ ተብላለች። ሁለቱም የሆነው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው። ደሜ ፈላ፤ ግን አሁንም ዝም አልኩ። ሰኞን እያሰብኩ ነበራ!

አቶ ፍሬው ወደ ሚስተር ሉካስ ዞሮ በእንግሊዝኛ «ይቅርታ አድርግልን። እነዚህ ሴቶች ሌላ ሥራ የማያውቁ ናቸው። እንግዶቻችንን እንዲህ ዓይነት ቦታ አናመጣም» አለው። እናቴ ቋንቋውን ባታውቅም ቃናው ገብቷታል። ፈገግ እንዳለች ማሰሮውን ልታመጣ ገባች።

ሚስተር ሉካስ ስለ አቶ ፍሬው ይቅርታ ግድ አልሰጠውም። ደብተሩን ከፍቶ ጥያቄ በጥያቄ ሆነ። ብቅሉ ከምን ነው? አሻሮው ለምን ይቆላል? ጋኑን በምን ታጥናለች? እኔ እተረጉማለሁ፣ እናቴ ትመልሳለች፤ በየመልሷ መጨረሻ ላይ «ይበሏቸው» እያለች። «ብቅሉ ከገብስ ነው ይበሏቸው። ወይራው እርጥብ ሲሆን ጭሱ ይከፋል፣ ደረቅ ነው የምፈልገው ይበሏቸው።» በየ«ይበሏቸው»ው አንድ ነገር ውስጤን ይወጋዋል። ጋሽ ታደሰ ከጎኔ «አየሽ? አዋቂ ናት እኮ!» እያለ በክርኑ ይነካኛል። እኔ ያንን ሁሉ መልስ እሷ ከመናገሯ በፊት አውቀው ነበር። በልጅነቴ ጌሾ የወቀጥኩት በእነዚህ እጆቼ ነው።

ከዚያ ሚስተር ሉካስ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጠየቀ፦

«ይሄን ሙያ ለማን ነው የምታስተላልፊው በያት። ልጆች አሏት?»

ተረጎምኩት። ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ?

እናቴ ማሰሮውን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። አላየችኝም። ሚስማሩንም አላየችም። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ፣

«ልጅ የለኝም ይበሏቸው» አለችኝ።

ጋሽ ታደሰ «እንዴ፣ አስካለ! ያቺ ፎቶ...» ብሎ ወደ ግድግዳው ቀና ሲል ሚስማሩን አየና ቃሉን ዋጠው። እኔ አፌን ከፍቼ ምንም አልወጣልኝ አለ። አምስት ዓመት ሙሉ ስተረጉም አንድም ዓረፍተ ነገር አስቸግሮኝ አያውቅም ነበር።

«ተርጉሚ እንጂ! ሰውየው እየጠበቀ ነው» አለ አቶ ፍሬው።

ተረጎምኩ። በእንግሊዝኛ እንዲህ አልኩ፦ «ልጅ የለኝም ትላለች። ይሄን ያለችው እኔን ላለማሳፈር ነው። ልጇ እኔ ነኝ። ሌላ ሥራ የማታውቀዋ ሴት እናቴ ናት።»

አቶ ፍሬው መሐረቡ አፍንጫው ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ሚስተር ሉካስ አንዴ እኔን አንዴ እናቴን አየ። ለአፍታ ትልቅ ጀግና የሆንኩ መሰለኝ። ግን ቀና ስል እናቴ ያው እንደቆመች ናት። ጋሽ ታደሰም ያው ፈዞ እየጠበቀ ነው። ለካ የተናገርኩት እነሱ በማይሰሙት ቋንቋ ነው! ለካ በእንግሊዝኛ መድፈር ቀላል ነው። ዋናዋ ሰው አልሰማችኝም። በአማርኛ «እማዬ» ልል ስሞክር ደግሞ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሰው ፊት ያልወጣች ቃል አልወጣ አለችኝ።

እናቴ ጣሳውን ሞልታ በሁለት እጇ ለሚስተር ሉካስ ልትሰጠው እጇን ዘረጋች። እዚህ ላይ ነው። ጠላ ቤት የገባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጠላ እንዲሁ አይሰጥም። የቤቱ ሰው ከጣሳው ትንሽ በመዳፉ ጠብ አድርጎ እንግዳው እያየ ይቀምሳል። ምንም ክፉ ነገር የለበትም፣ ቤቱ ለሚያቀርበው ኃላፊ ነው ማለት ነው። የሚቀምሰው የቤቱ ሰው ብቻ ነው፤ እንግዳ ይሄን አያደርግም። እናቴ በድንጋጤ ይሁን በአቶ ፍሬው ቁጣ፣ በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቀምስ ልትሰጥ ነበር።

ተነሳሁ። ጣሳውን ከእጇ ተቀበልኩ። ግራ መዳፌን አጎድጉጄ ጠላውን ጠብ አደረግኩና፣ ዓይኖቿን እያየሁ፣ ጠጣሁት።

መረረኝ። ጭሱ አፌን ሞላው። የልጅነቴ ሽታ ነው፤ ያ ስሸሸው የኖርኩት።

እናቴ ማሰሮዋን እንደያዘች አገጯ ተንቀጠቀጠ። ልታለቅስ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ድንገት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣

«አንቺ!» አለችኝ። «እጅሽን ሳትታጠቢ?»

አንቺ! እንዴት ደስ የምትል ቃል ናት። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ። «እማዬ» አልኳት፤ አሁን ወጣች። «እማዬ፣ ይቅር በይኝ።» እሷ ግን «ሂጂ ታጠቢ፣ እንግዳ ፊት!» እያለች በሽርጧ እጄን ትጠርጋለች።

ጋሽ ታደሰ ጭንቅላቱን ይዞ ተነሳ። «ስድስት ወር! ስድስት ወር ስለ እናትሽ ጠላ ስለፈልፍልሽ ዝም ብለሽ ትሰሚኛለሽ? አይ አንቺ!»

አቶ ፍሬው በቀስታ «ውጭ እንነጋገር» አለኝ።

«እዚሁ እንነጋገር» አልኩት። «ከመነጋገራችን በፊት ግን እናቴን አንቺ ያልካትን አስተካክል።» እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምለው። አንተ ማለቴን ያወቅኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው፤ አልመለስኩትም።

ፊቱ ቀላ። እናቴ «ተይው፣ ልጄ» አለችኝ። አልተውኩም፤ እሱም አላስተካከለም። መኪናው ውስጥ ልጠብቅ ብሎ ወጣ።

ሚስተር ሉካስ በመጨረሻ ጣሳውን አንስቶ ጠጣ። አሁን ጠላውን አድንቆ ተንበረከከ እንድላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ ታዝናላችሁ። ፊቱን ቋጠረና «እውነቱን ልንገርሽ፣ ለእኔ ምሬቱ በዛብኝ» አለ። ለእናቴ ተረጎምኩላት። ከት ብላ ሳቀች።

«ታዲያ ይምረረዋ! ጠላ ነው እንጂ ሽሮፕ አይደል በይው!»

በይው! «ይበሏቸው» ቀረች። ልክ እንዳለችው ተረጎምኩለት። ሰውየውም ስቆ ሁለተኛ ጣሳ ጠየቀ፤ ለምን እንደጠየቀ እስካሁን አልገባኝም። እናቴ ከትልቁ ጋን ጀርባ እጇን ሰዳ ፎቶዬን አወጣችና በሽርጧ አብሳ ሚስማሩ ላይ መለሰችው። ትንሽ አጣማዋለች፤ እስከ ዛሬ እንደተጣመመ ነው።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ኃላፊነቱ የለም። አቶ ፍሬው ስለ ሀና ማርያም በሪፖርቱ ላይ ምንም እንዳልጽፍ ነገረኝ፣ «ፎርም ላይም ዋሽተሻል» አለኝ። ስለ ፎርሙ እውነቱን ነው፤ አንገቴን ደፋሁለት። ሪፖርቱን ግን ጻፍኩት። «የተጎበኘ ቦታ፦ የእናቴ የወይዘሮ አስካለ ጠላ ቤት» ብዬ ፈርሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለቀቅኩ። ማንም አላባረረኝም፤ እዚያ አፍንጫውን በመሐረብ ከያዘ ሰው ጋር መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው።

አሁን ከጋሽ ታደሰ ጋር በራሳችን እንሠራለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ተጓዦችን ይዘን ሀና ማርያም ጠላ፣ ከዚያ ፉሪ አንዲት የወላይታ ሴት ቤት ቦርዴ እናስቀምሳለን። አንዳንድ ቅዳሜ ሁለት ሰው ብቻ ይመጣል፣ አንዳንዱ ጭራሽ የለም። ኮንዶሚኒየሙን ለቅቄ እናቴ ጋ ተመልሻለሁ። ልብሴ ወይራ ወይራ ይሸታል። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው አፍንጫውን ቢይዝ ዓይኔን አልሰብርም፤ ጥያቄ ካለው ይጠይቀኝ፣ አድራሻውን እነግረዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ለእናንተ፣ ይሄን ለምታነቡት። ከመሃላችሁ ዛሬም ፎርም ላይ «የቤት እመቤት» ብሎ የጻፈ እንዳለ አውቃለሁ። ጉልት የምትሸጥ እናቱን፣ ልብስ የምታጥብ እናቱን፣ እንጨት የምትሸከም እናቱን። አልፈርድባችሁም፤ እኔ ማን ሆኜ። ግን ይሄን እወቁት፦ እኔ የደበቅኳት መስሎኝ ነበር፤ ስትደብቀኝ የኖረችው እሷ ናት። ፎቶዬን ከሚስማሩ ያወረደች ቀን ምን እንደተሰማት ጠይቄያት «ምንም» አለችኝ። ውሸቷን ነው። ውሸትን ከማን እንደተማርኩ ያኔ ገባኝ።

እስከ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዶቹ ፊት ጣሳውን ከእጇ ስቀበል ያቺኑ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፤ «አንቺ፣ እጅሽን ታጥበሻል?» ሁልጊዜ ታጥቤ ነው የምመጣው። «አልታጠብኩም» ብዬ እዋሻታለሁ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ ደግማ አንቺ እንድትለኝ።